ለሚና ባቡር የሚጠብቁ ጣቢያዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጎጃም መንገድ ሱሉልታንና ጫንጮን አልፈው ሙከጡሪ ሲደርሱ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ለሚ ያደርስዎታል። ለሚ በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ከተማ ናት። የተቀመጠችበት ደጋ ጥቁር አፈር ያለው፣ ጤፍና ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ የሚያበቅል ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ትንሽ ራመድ ሲሉ ግን ሜዳው በድንገት ያልቅና የዠማ ገደል ከእግርዎ ሥር ይከፈታል። ወንዙ ከታች እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ዓባይ ይጓዛል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደሉ አፋፍ ሣር ይነጫሉ፤ መንገዱም እየተጠማዘዘ ወርዶ ወንዙን ይሻገርና ወደ መርሐ ቤቴ፣ ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል።

እንግዳ ወደ ለሚ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህን ገደል ለማየት ነው። እኛ ግን ዛሬ ወደዚህ ያመጣንዎት ስለ ባቡር ጣቢያ ልናጫውትዎ ነው። «በለሚ ባቡር የለም፤ ኖሮም አያውቅ» ቢሉ እውነትዎን ነው። ነገር ግን የውሃን ዋጋ የሚያውቀው የጠማው እንደ ሆነ ሁሉ፣ የጣቢያንም ዋጋ አጥብቆ የሚያውቀው ጣቢያ የሌለው ነው።

እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመረቀ። ፋብሪካው የተሠራው በቀን 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ እንዲያመርት ነው። አንድ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና 400 ኩንታል ይጭናል ብንል፣ ምርቱን ብቻ ለማንሣት በየቀኑ 375 መኪና ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚያው መንገድ ላይ ጤፉን ለገበያ የሚያወርደው ገበሬ፣ ሕመምተኛውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚመለሰው ተማሪ ይጓዛል። ፋብሪካ ያላት ከተማ ሐዲድ ብትመኝ ቅንጦት አይደለም።

ደግሞም የባቡር ነገር ለሸዋ ባዕድ አይደለም። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገብቶ ለምኒልክ ማገልገል ጀመረ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡሩን ፈቃድ የሰጡት ለእርሱ ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱም 1 ሜትር ብቻ ነበር።

ያ ጠባብ ሐዲድ ያደረገውን ሥራ ለማየት ከጣቢያ ወደ ጣቢያ መሄድ ይበቃል። ለገሃር ስሟን ያገኘችው «ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፤ አንዳንዱ በጣቢያው ምክንያት ተቆረቆረ፤ አንዳንዱም በጣቢያው ምክንያት አደገ። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልሆነለት ከግርጌው ተወለደች። ባቡሩ ሲቆም ወተት ያላት ወተቷን፣ ፍሬ ያላት ፍሬዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ትሮጣለች። ባቡር በሁለቱ ጫፍ ያለውን ነጋዴ ያበለጽጋል፤ በመካከል ያለውን ድሀ የሚመግበው ግን መቆሙ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ የነበረው የአሮጌው ባቡር ጉዞ ተቋረጠ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር ተመረቀ። አዲሱ ፈጣንና ብርቱ ነው፤ ለአገርም ታላቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ጣቢያዎቹ ብዙዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ የሚቆመውም አሮጌው ይቆምበት በነበረው ሁሉ አይደለም። ስለዚህ ሐዲድ አጠገቡ እያለ ባቡር የሌለው ሰው አለ።

«የተዘጋ ጣቢያ ይከፈታልን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱ በራሳችን አገር አለ፤ ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው የአሮጌው ሐዲድ ክፍል ታድሶ በ2005 ዓ.ም. እንደገና መንገደኛ አጓጉዟል። ከባሕር ማዶም ሌላ ምስክር እንጥራ። በስኮትላንድ ሃዊክ የምትባል ከተማ ባቡሯ ሊዘጋባት ሲል፣ ማጅ ኤሊየት የተባሉ እመቤት ከ11,000 በላይ ፊርማ አሰባስበው በ1968 እ.ኤ.አ. ለንደን ድረስ ወሰዱ። መንግሥት አልሰማም፤ መሥመሩ በጥር 1969 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ሕዝቡ ግን መጠየቁን አልተወም። ከ46 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2015 እ.ኤ.አ.፣ ከኤድንብራ ተነሥቶ 48 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ክፍል በሰባት አዳዲስ ጣቢያዎች ተከፈተ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ሃዊክ ድረስ አልዘለቀም፤ ሆኖም አብዛኛው መንገድ ተመልሷል።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። ከለሚ ወደ ምሥራቅ፣ ከደብረ ብርሃን ባሻገር ጣርማ በርን ሲወርዱ ደብረ ሲናን ያልፉና ሸዋ ሮቢት ይደርሳሉ። በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር በዚህ ቆላ በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፍ ነው። ርዝመቱ 392 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው ሐዲድ ከተዘረጋ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል እጥረት አዘገየው፤ የጦርነቱም ጉዳት ተጨመረበት። ሐዲዱ ተዘርግቶ መደበኛ ባቡር ሳይጀመር ዓመታት አለፉ። የድሬዳዋ ሰው የተዘጋ ይከፈትልኝ ሲል፣ የሸዋ ሮቢት ሰው የተሠራው ይጀመርልኝ ይላል፤ ጥያቄው አንድ ነው።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ? ለለሚ ነገ ሐዲድ ይዘርጋ ማለት ገደሉን አለማየት ይሆናል። ነገር ግን ሦስት ነገር መጠየቅ ይቻላል፤ ባቡሩ በትንንሹም ከተማ ይቁም፤ የመነሻውና የመድረሻው ሰዓት ታውቆ ይጠበቅ፤ ከጣቢያው እስከ ከተማው የሚያደርስ አውቶቡስ ባቡሩን ይቀበለው። ይህ ሦስቱ ከተሟላ ሐዲድ የሌላት ለሚ እንኳ በአውቶቡስ በኩል የባቡሩ ተካፋይ ትሆናለች።

በጤፍ አገር እንደሚባለው፣ አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል። አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ ያሉበት ከተማ የተዘጋ ወይም ያልተከፈተ ጣቢያ ካለው፣ ከጎረቤትዎ ጋር ተፈራርመው ለሚመለከተው ሁሉ ያመልክቱ። ሕንፃው ሳይፈርስ፣ ሐዲዱም ሳይነቀል መናገር ይሻላል።