የአልኑስ ኮረብታና የንጉሥ ዱራን ቍስል

«ጌት» የሚባለውን የጃፓን አኒሜ ያያችሁ ወዳጆቼ፣ ወሬው በተነሣ ቍጥር አስቀድማችሁ የምታወሱት ወይ ዘንዶው ክንዱ የተቈረጠበትን ትዕይንት፣ ወይም ጥቍር ለብሳ ታላቅ መጥረቢያ የምትሸከመውን ሮሪን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ እኔ ግን ዛሬ ላነሣላችሁ የወደድሁት ምናልባት ስሙን እንኳ የዘነጋችሁትን ሰው፣ በአንድ ዘመቻ ሠራዊቱን፣ አንድ እጁንና አንድ እግሩን ያጣውን የኤልቤን ንጉሥ ዱራንን ነው። ይህን ተከታታይ ፊልም ከልብ እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም ነው በጎደለበት ቦታ ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልሁት።

ላላያችሁት ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። በቶክዮ ከተማ፣ ጊንዛ በሚባለው የባለጸጎች የገበያ ሰፈር፣ በሙቀቱ ወራት በአንድ ቀን፣ እንደ ጥንት ቤተ መቅደስ ደጅ ያለ ግዙፍ በር በመንገዱ መካከል ይቆምና፣ ከውስጡ የሮማውያንን ጭፍሮች የሚመስሉ ጋሻና ጦር የያዙ እግረኞች፣ ፈረሰኞች፣ በክንፋም አውሬ ላይ የተቀመጡ ተዋጊዎችም እየጎረፉ ወጥተው ያገኙትን ሰላማዊ ሕዝብ ያለ ርኅራኄ ይፈጁታል። በዚያ ሰዓት ኢታሚ ዮጂ የተባለ የ33 ዓመት ጎልማሳ፣ ከማዕርጉ ይልቅ ማንጋውን የሚወድ የጃፓን መከላከያ ኃይል መኰንን፣ ማንጋ ወደሚሸጥበት ትልቅ ዐውደ ርእይ ለመሄድ በመንገድ ላይ ሳለ፣ የሚወደውን ነገር ትቶ የሸሸውን ሕዝብ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ቅጥር እየመራ ያተርፋል። ከዚያ በኋላ ወራሪው ተደምስሶ፣ የጃፓን ጦር በተራው በሩን ተሻግሮ በማዶ ያለውን የአልኑስን ኮረብታ ይይዛል። ደራሲው ታኩሚ ያናይ ራሱ በዚህ ኃይል ውስጥ ያገለገለ ሰው ሲሆን፣ ድርሰቱን በመጀመሪያ በኢንተርኔት በየጊዜው እያወጣ ካስነበበ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በመጽሐፍ አሳትሞታል፤ ኤ-ዋን ፒክቸርስ የተባለው ስቱዲዮ ደግሞ በታካሂኮ ክዮጎኩ አዘጋጅነት በ24 ክፍል ሠርቶ በ2015 እና በ2016 አሳይቶታል።

ዘመናዊ ወታደር ወደ ሌላ ዓለም ሲገባ ማየት ለጃፓኖች አዲስ ነገር አይደለም። በ1979 ከርዮ ሐንሙራ ልብ ወለድ ተወስዶ በተሠራ አንድ ፊልም ላይ፣ የዚሁ የመከላከያ ኃይል ጥቂት ወታደሮች ታንካቸውንና ሄሊኮፕተራቸውን እንደ ያዙ መሳፍንት እርስ በርሳቸው ወደሚፋጁበት ወደ ጥንቱ ዘመን ይወድቃሉ፤ ነገር ግን መመለሻ ስለሌላቸው ነዳጁ ያልቃል፣ ጥይቱ ይመናመናል፣ የወታደሩም ምግባር ከጥይቱ ጋር አብሮ እየተመናመነ ሄዶ ፍጻሜያቸው ጥፋት ይሆናል። የያናይ ታላቅ ፈጠራ በሩን ክፍት መተዉ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ሲቈይ ነዳጅ ይመጣል፣ መድኃኒት ይመጣል፣ የተመጠነ ምግብ በየማሸጊያው ይመጣል፣ ቍስለኛው ተመልሶ ይታከማል፤ ስለዚህ በማዶ ያለው ሕዝብ የሚዋጋው ከፊቱ ከሚያየው ጥቂት ጦር ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ጦር በስተኋላ ካለው ከማያየው መንግሥት፣ ከፋብሪካውና ከግምጃ ቤቱ ጋር ጭምር ነው። ይህን የስንቅና የትጥቅ ምሥጢር እንደዚህ ተከታታይ አድርጎ በግልጽ ያሳየ የምናብ ሥራ እኔ አላየሁም።

አሁን ወደ አልኑስ ልውሰዳችሁ። በማዶ ያለው ንጉሠ ነገሥት ሞልት የራሱ ሠራዊት በጊንዛ ስለ ጠፋበት፣ ገባሮቹ ነገሥታት ድካሙን አይተው እንዳይከዱት ይሰጋል፤ ስለዚህ የጠላትን ኃይል ሳይገልጥላቸው «ኑና ከእኔ ጋር ተዋጉ» ብሎ ወደ ኮረብታው ይልካቸዋል፤ አስቦበትም በጠላት እጅ ያስፈጃቸዋል። ከእነርሱ አንዱ ሽማግሌው ዱራን ነው። በቀን ሰልፋቸውን አስተካክለው፣ ዓርማቸውን ከፍ አድርገው፣ የከበሮና የመለከት ሥርዐቱ ሳይጓደል ሲሄዱ መድፉ ከሩቅ ይወርድባቸዋል፤ ማን እንደ ተኰሰ፣ ከየት እንደ ተኰሰ እንኳ አያውቁም። በቀን ያልሆነውን በሌሊት እንሞክር ብለው ጨለማን ተገን አድርገው ሲጠጉ ደግሞ፣ ድንገት በሰማይ ላይ የመብራት ጥይት እየበራ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል፤ ፈረሱም ሰውም በእሾሃማው ሽቦ ላይ ተይዞ እንዳለ መትረየሱ ይከፈታል። ተኳሾቹ የታጠቁት ጠመንጃ በ1964 ሥራ ላይ የዋለ፣ ታንኩም በ1974 የተሰየመ፣ በአገራቸው አርጅቷል የተባለ መሣሪያ ነው፤ በግድ ለቅቀን ብንወጣ ትተነው ብንሄድ አያስቈጭም ተብሎ የተመረጠ ነው። ከአንዱ ዓለም ዕቃ ቤት የሚጣለው ለሌላው ዓለም የፍርድ ቀን መሆኑን ፊልሙ ብዙ ሳይናገር ያሳየናል።

ይህ ትዕይንት በሁለተኛው ክፍል ያልቃል፤ በዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰው ካለቀ በኋላ ታሪኩ ወደ ጨዋታና ወደ ሣቅ ይዞራል። እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚቀረው።

በእውነተኛው ዓለም ግን የጃፓን መከላከያ ኃይል እ.ኤ.አ. በ1954 ከተመሠረተ ጀምሮ በዐውደ ውጊያ አንድ ሰው እንኳ ያልገደለ ጦር ነው። በ1947 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታቸው በ9ኛው አንቀጽ ጦርነትን ለዘለዓለም መተዋቸውን ይናገራል፤ ከ2004 እስከ 2006 ወደ ኢራቅ፣ ወደ ሳማዋ የተላኩት ወታደሮችም ውኃ አጣርተው፣ ትምህርት ቤትና መንገድ ጠግነው ነው የተመለሱት። በተረቱ ውስጥ ይህን ማሰሪያ ለመፍታት መንግሥቱ በማዶ ያለውን ምድር «ልዩ ክልል» ብሎ የጃፓን ግዛት እንደ ሆነ ያውጃል፤ በሩ ጊንዛ ላይ ስለ ቆመ በማዶውም የሚደረገው ውጊያ አገርን መከላከል ይሆናል ማለት ነው። አኒሜው በሚታይበት በዚያው ወቅት ደግሞ የእውነተኛው ጃፓን ፓርላማ ጦሩ ከአገር ውጭ ከወዳጅ አገሮች ጎን ተሰልፎ እንዲዋጋ የሚፈቅደውን የጸጥታ ሕግ ይከራከርበት፣ ሕዝቡም በፓርላማው ደጅ ተሰብስቦ ይቃወም ነበር፤ የመጀመሪያው አጋማሽ የመጨረሻ ክፍል እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 2015 ከታየ በኋላ፣ ሕጉ በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ጸደቀ። ይህ ዕለት ከዕለት የገጠመው በሰው ምክር ነው አልልም፤ ነገር ግን ሰባ ዓመት እጁን ሰብስቦ የኖረ ሕዝብ፣ የራሱ ጦር ኃይሉን በሙሉ ሲገልጥ በሕልሙ ማየት የፈለገበት ወራት ያ እንደ ነበር አጋጣሚው ያመለክታል።

እኔ ግን የተወለድሁት ከበሩ በማዶ ካለው ወገን ነው። የአልኑስን ሌሊት ሳይ በዐሳቤ የሚመጣብኝ ዐሮጌ ነው፦ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከመቅደላ ቍልቍል ወርዶ የእንግሊዝን ጦር የገጠመበት ሜዳ። እንግሊዞች በዙላ ባሕር ዳር መርከባቸውን አስጠግተው፣ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው፣ ከህንድ ባመጧቸው ዝሆኖች መድፋቸውን አስጭነው ነበር የወጡት፤ ዙላ የእነርሱ በር ነበረ፤ በዚያ በር ስንቅና ጥይት ሳያቋርጥ ይገባላቸው ነበር። ከኋላ የሚጐርሰው አዲሱ የስናይደር ጠመንጃና የባሕር ኃይሉ ሮኬት በዚያች ከሰዓት በኋላ ፊታውራሪ ገብርዬንና ወደ 700 የሚሆኑ ጀግኖችን ሲጥል፣ ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት 20 ያህል፣ ከቍስላቸው የተነሣ የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ። የወደቁት ሰዎች ስምና አባት፣ ርስትና የእናት ልቅሶ ነበራቸው። በፊልሙ ላይ የመብራት ጥይቱን ሽቅብ እያዩ የደነገጡት ፊቶች ለእኔ የወንድሞቼ ፊት የሚመስሉኝ ስለዚህ ነው።

ጃፓንም ብትሆን ይህን ወገን አታውቀውም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1853 የአሜሪካው ፔሪ በኡራጋ ደጅ አራት መርከቦች ይዞ ሲቆም ሰይፍና ቀስት ይዞ የደነገጠው የእነርሱ አባት ነበረ። ከዚያ ድንጋጤ ተነሥተው በአንድ ትውልድ የደረሱበትን ብርሃን አይተው ነው እነ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. እስከ ቶክዮ የተጓዙት፤ ከበደ ሚካኤልም ጃፓን እንደምን እንደ ሠለጠነች መጽሐፍ የጻፉት። እንግዲህ ይህን ሁለት ወገን በአንድ ትዝታ የያዘ ሕዝብ የዱራንን ልብ ከማንም ይልቅ ሊጽፈው ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።

በማዶው ዓለም ስላሉት የኮዳ መንደር ስደተኞች የተሠሩትን ክፍሎች ግን ሳመሰግን አልጠግብም። ዘንዶ ተነሣ የሚል ወሬ ሰምቶ ቤቱን ለቅቆ የተሰደደ ሕዝብ፣ ጋሪው በጭቃ ሲያዝ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ አሮጊቷ ከመንገድ ስትቀር ኢታሚና ጓደኞቹ ጋሪ እየገፉ አብረው ይሄዳሉ። ዘንዶው በመጣ ጊዜ፣ ከወደመ መንደር በሕይወት ያገኟት ቱካ ቋንቋቸውን ሳታውቅ ጣቷን ወደ ዓይኗ እየጠቈመች የአውሬውን ደካማ ብልት ታሳያቸዋለች፤ ሮኬቱን የተሸከመው ወታደር ደግሞ በዚያ ሁሉ እሳት መካከል ከመተኰሱ በፊት ወደ ኋላው ዞሮ ሰው አለመኖሩን ያረጋግጣል፣ ጓደኞቹም በጭንቀት ይጮኹበታል። ይህን ሊጽፍ የሚችል ወታደር የነበረ ሰው ብቻ ነው፤ ሥልጠና በሰው ጅማት ውስጥ ገብቶ በሞት ፊት እንኳ የኋላውን ሰው እንዲያስብ ማድረጉን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም። በኋላም የሞቱትን ቀብረው፣ ሌላው ወደ ዘመዱ ሲበተን፣ መጠጊያ የሌላቸውን የሙት ልጆችና አረጋውያን ኢታሚ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይዟቸው ይሄዳል።

ኢታሚ ወደ ጃፓን ፓርላማ የተጠራው በዚህ የዘንዶ ውጊያ ምክንያት ነው። አንዲት የተቃዋሚ ወገን እንደራሴ ከስደተኞቹ ሩብ ያህሉ በዘንዶው ስለ ምን እንዳለቁ ትጠይቃለች፤ ከኮዳ ስደተኞች አንዷ ሌሌይ በተማረችው ጃፓንኛ፣ ቱካም በትሕትና ይመልሳሉ፤ ሮሪ ግን 961 ዓመት የኖረች የሞት አምላክ ሐዋርያ ናትና፣ በሰላም ወንበር ላይ ተቀምጦ በእሳት ፊት የቆመውን መክሰስ ስንፍና መሆኑን በቍጣ ትነግራታለች። መልሱ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ደራሲው ጠያቂዋን መሳቂያ ማድረጉን አልወደድሁለትም፤ ጦር ያለው አገር ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ግዴታው ነውና። ከሁሉም የከበደኝ ሌላ ነው፦ በዚያ ጉባኤ ዘንዶ ስለ ገደላቸው መንደርተኞች ይህን ያህል ሲጠየቅ፣ በራሳቸው መድፍ በአልኑስ ስላለቁት ከቶ ማንም አልጠየቀም።

በማዶ ስላለችው ስለ ኢታሊካ ከተማ ብዙ አልልም። ከአልኑስ የተረፉት ወታደሮች ሽፍታ ሆነው ከተማዪቱን ሲያጠቁ፣ ሄሊኮፕተሮቹ የቫግነርን ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ እያሰሙ ይመጣሉ፤ ይህ ኮፖላ በ1979 ስለ ቬትናም ከሠራው ፊልም የተወሰደ ነው። በኮፖላ ፊልም ሙዚቃው የገዳዮቹን እብደት ያጋልጣል፤ እዚህ ግን በዓል ሆኗል፣ የሚወድቁትም ሽፍቶች ስለ ተባሉ ትናንት የዱራን ጓደኞች እንደ ነበሩ ይረሳል።

ወደ ዱራን ልመለስ። የንጉሠ ነገሥት ሞልት ልጅ ልዕልት ፒኛ በአንድ ገዳም ቈስሎ ተኝቶ ታገኘውና፣ ጠላት ምን ዐይነት እንደ ሆነ እንዲነግራት ትለምነዋለች፤ እርሱ ግን አባቷ ዐውቆ እንዳስፈጃቸው ተረድቷልና፣ ማወቅ ብትሻ ራሷ ወደ አልኑስ ሄዳ እንድታይ ነግሮ ያሰናብታታል። እጅግ በኋላ፣ በእነዚያው ባቈሰሉት ሰዎች ሐኪም ቤት ሲታከም እናገኘዋለን። ኢታሚ ያለ ፈቃድ ዘንዶውን ለመግደል ወደ ኤልቤ ምድር ገብቷል፤ ጦሩ ሊከተለው ቢፈልግም ድንበር መጣስ ይሆንበታል። ያን ጊዜ ያናጊዳ የተባለው መኰንን ወደ ዱራን አልጋ ቀርቦ ይደራደራል፤ ንጉሡም መንግሥቱን መልሶ ለመያዝ እንዲረዱት፣ ጦሩ በምድሩ እንዲያልፍ ይፈቅዳል፤ ከምድር በታች ባለው ሀብትም መብት ይሰጣል። ፊልሙ ይህን እንደ ብልህ ስምምነት በፍጥነት አሳይቶ ወደ ዘንዶው ይሮጣል።

እኔ በዚያ አልጋ አጠገብ ረጅም ጊዜ መቈየት ፈልጌ ነበር። እጁንና እግሩን ከወሰደበት ጦር ጋር ውል የሚዋዋል ንጉሥ፣ ሠራዊቱ አልቆ፣ ልጁ ዙፋኑን ይዞበት፣ የገዛ ንጉሠ ነገሥቱ ከድቶት፣ የሚሸጠው ነገር ገና ያልተቈፈረ ማዕድን ብቻ ሲሆን፣ ምን አሰበ? በነፃነት ፈቀደ ይባላል ወይ? ያናይ በኋላ ታሪኩን ወደ ባሕር ወስዶ ሌላ ተከታታይ ድርሰት ጽፏል፤ እኔ ግን ከመርከቡ ይልቅ ወደ ኤልቤ ቢመለስ፣ ማዕድኑ ሲቈፈር የዱራን ገባሮች ምን እንዳሉ፣ በአልኑስ የቀሩት ሰዎች ሚስቶች አዲሱን የጃፓን ካምፕና ገበያ በምን ዓይን እንዳዩት ቢጽፍልኝ እመርጣለሁ። ያያችሁት ሁሉ፣ ሁለተኛውን ክፍል አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩና፣ በዚያ ሌሊት ካሜራው ከየትኛው ወገን እንደ ቆመ፣ ልባችሁም ከየትኛው ወገን እንደ ነበረ እዚሁ ጻፉልኝ፤ በተለይ ታሪክ የምታስተምሩ ወዳጆቼን መልስ እጠብቃለሁ።