መጀመሪያ ሣር፣ ከዚያ አጥር

የተራበች ላም አጥር አይመልሳትም። እሾህ ብትከምርባት ትጥሳለች፣ ብታስራት ገመድ ትበጥሳለች። ከዚያ የጎረቤት ማሳ፣ ከዚያ ጠብ፣ ከዚያ ሽማግሌ።

ወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው። ላሚቱ ደጅ ላይ ታስራ ትውላለች፣ ማታ ቤት ትገባለች፣ እበቷ ለእንሰቱ ይሆናል። እሷ ከሌለች ወተቱ ብቻ ሳይሆን እንሰቱም ይጎዳል። ታዲያ «ልቅ ግጦሽ ክልክል ነው» ብሎ መቅጣት ብቻውን ማንን ይጎዳል? አንዲት ላም ያላትን ድሃ እናት።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲኬድ ያለው ሁምቦ ግን መላውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብት ተከለለ። ገበሬው በሰባት ማኅበራት ተደራጅቶ ጠበቀው፤ ከቀረው ጉቶና ሥር ዛፉ እንደገና አቆጠቆጠ። ከብቱ ተከለከለ እንጂ ሣሩ አልተከለከለም። ገበሬው እያጨደ፣ ተሸክሞ ለከብቱ ያመጣል። ክልከላው የቆመው በዘበኛ ብቻ ሳይሆን በዚያ ሸክም ሣር ጭምር ነው።

ተራራ የሌለውም እርከን አለው። በእርከኑ ላይ ደሾ ወይም የዝሆን ሣር የተከለ ሰው አፈሩንም ይይዛል፣ ላሙንም ያጠግባል። የጠገበች ላም ደግሞ የሰው ማሳ አታይም። ቅጣት የሚጽፍ ሁሉ አስቀድሞ የሣር ችግኝ ያድል።