የእትዬ ምጣድና የሁለት መስመር እርማት

ባለፈው ኖቬምበር አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ደውላ «ቶሎ ነይ፤ እትዬ ጋዜጣ ይዘው መጥተዋል» አለችኝ። እትዬ የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ እንግሊዝ አገር ከመጣን ጀምሮ እንደ አክስት ሆነው ነው ያሳደጉኝ። ትንሽ ቤት ተከራይተው እንጀራ ይጋግራሉ፤ ለሦስት የሐበሻ ሱቆችም ያስረክባሉ።

ስደርስ ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ከሳምንት በፊት እሳቸው ያሉበት ሕንፃ ላይ እሳት ተነስቶ ነበር። የአካባቢያችን ጋዜጣ እሳቱ የተነሳው ከእንጀራ መጋገሪያው ነው ብሎ ጽፏል። እሳቱ የተነሳው ግን ፎቅ ላይ ካለ መኖሪያ ቤት ነው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሰጧቸው ወረቀትም ይህንኑ ይላል። በዚያ ሰዓት የእትዬ ቤት ተቆልፎ፣ ምጣዱም ጠፍቶ ነበር። ከጋዜጣው ደውሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። በማግስቱ ሁለቱ ሱቆች «እንጀራው ለጊዜው ይቆይልን» አሉ።

«ልጄ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል» አሉኝ እትዬ፤ «ከጋዜጣ የወጣውንስ ማን ይመልሰዋል?»

እኔም አላውቅም ነበር። የምማረው ነርሲንግ እንጂ ሕግ አይደለም። ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ ግን መንገድ እንዳለ አየሁ። እዚህ አገር ብዙዎቹ የአካባቢ ጋዜጦች ኢፕሶ ለሚባል ተቋም ተጠሪ ናቸው። የተቋቋመው በ2014 ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው የፕሬስ ቅሬታ ኮሚሽን ከስልክ ጠለፋው ቅሌት በኋላ አመኔታ አጥቶ ቀረ። ኢፕሶ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ወጪውን የሚሸፍኑት አባል የሆኑት አሳታሚዎች ናቸው፤ ጋርዲያንን የመሳሰሉ አንዳንድ ጋዜጦች ደግሞ አልገቡበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ጋዜጣው አባል መሆኑን አረጋገጥኩ። ቅሬታ ማቅረብ በነፃ ነው፤ ጠበቃም አያስፈልግም። ጽሑፉ ከወጣ በ4 ወር ውስጥ ማመልከት ግን ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ቁጣ ነበር። ስለ ስደተኛነት፣ ስለ ንቀት፣ እትዬ ስላለቀሱት ልቅሶ ጻፍኩ። ቅጹ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው የተሳሳተው? የአዘጋጆቹን ደንብ የትኛውን አንቀጽ ይጥሳል? ማስረጃሽ ምንድን ነው?

ያኔ የመምህራችን ምክር ትዝ አለኝ። የታካሚ መዝገብ ላይ «ታካሚው አስቸጋሪ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ ምን አለ፣ ምን አደረገ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ እሱን ጻፉ ትለናለች። ሁለቱን ገጽ ቀደድኩና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዤ ተነሳሁ። አንቀጽ 1፣ ትክክለኛነት። ማስረጃ፣ የእሳት አደጋው ወረቀት። እትዬም በስማቸው እንድጽፍ ፈቀዱልኝ።

ኢፕሶ ቅሬታውን ወደ ጋዜጣው መራው። ጋዜጣው ከባለጉዳዩ ጋር ለመስማማት እስከ 28 ቀን ይሰጠዋል። ካልተስማሙ ተቋሙ ራሱ ያጣራል፤ መጨረሻ ላይ የሚወስነው የቅሬታ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው እርማት እንዲታተም ሊያዝ ይችላል፤ ለባለጉዳዩ ካሳ ግን አያስከፍልም። ይህን ስነግራቸው እትዬ «እኔ መች ገንዘብ ጠየቅሁ?» አሉ። የእሳቸው ሐሳብ ሌላ ነበር፦ ጋዜጠኛው ቤታቸው መጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ምጣዱን አይቶ ይቅርታ እንዲል። ሽማግሌ ቢኖር እንደሚደረገው ማለት ነው።

አዘጋጁ መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ብቻ አርማለሁ አለ። እኛ ግን ወሬው የወጣው በወረቀትም ነው፣ እርማቱም በወረቀት ይውጣ አልን። ደንቡ እርማት ተገቢውን ቦታ ያግኝ ስለሚል ይህን ለመጠየቅ አላፈርኩም። በሦስተኛው ሳምንት ተስማማን፤ ዜናው በወጣበት ገጽ ላይ ሁለት መስመር እርማት ታተመ።

እኛ በወረቀት መዝገብ ላይ ስንሳሳት አንፍቅም። የተሳሳተው ቃል እንዲነበብ አድርገን አንድ መስመር እናሰምርበታለን፣ ትክክለኛውን እንጽፋለን፣ ቀንና ፊርማ እናኖራለን። የጋዜጣ እርማትም እንደዚያው ይመስለኛል። ስህተቱ ይቀራል፤ ከጎኑ ግን እውነቱ ይጻፋል።

ከሁለቱ ሱቆች አንዱ ተመለሰ፤ ሌላው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እትዬ እርማቱን ቆርጠው ከእሳት አደጋው ወረቀት ጋር ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውታል፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ያሳያሉ። ያም ሆኖ በየጊዜው «ሰውየው ግን አልመጣም አይደል?» ይሉኛል። አልመጣም። ለዚያ የሚሆን አንቀጽ ደንቡ ውስጥ አላገኘሁም።

በእናንተም ቤተሰብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ገጹን ቀኑ እንደሚታይ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በስልካችሁም አንሱት። የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት። ከዚያ ለአዘጋጁ ጻፉ። እናቶቻችን እንግሊዝኛው ስለከበዳቸው ብቻ ዝም እንዳይሉ፣ ያን አንድ ዓረፍተ ነገር የምንጽፍላቸው እኛ ነን።