የአምስት ሰዓት ተኩል መንገድ

ባለፈው ዓመት ልጄን ለመጠየቅ ደቡብ አፍሪካ ሄጄ ነበር። ከሾኔ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የፈጀብኝ ጊዜ ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ በአውሮፕላን ከፈጀብኝ ይበልጣል ስል ብዙ ሰው አያምነኝም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። በአየር ርቀቱ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቀጥታ በረራው 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሰዓታቸውም ከእኛ በ1 ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ይቀራል።

ከመቀመጫዬ ፊት ያለው ስክሪን ካርታ ያሳያል። ኬንያን አለፍን፤ ታንዛኒያ ላይ ደረስን። እነዚህን አገሮች የማውቃቸው ከትምህርት ቤት አይደለም። ልጄ ከ12 ዓመት በፊት በደላላ እጅ በየብስ ሲሄድ፣ ለሳምንታት ድምፁ ጠፍቶ ይቆይና ከእነዚህ አገሮች ይደውል ነበር። «እማዬ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ምግብ ቀረበልኝ፤ አልወረደልኝም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በምትባለው ግዛት፣ በጭነት መኪና ላይ በነበረ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። ያኔ ልጄ ከገባ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔ ግን የራሴን ልጅ መርዶ እንደሰማ ሰው አለቀስኩ። ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ነኝ። አየር ያጠረው ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ይህን እያወቅኩ ለደላላው የተሰጠውን ብር ቆጥሬ ያስረከብኩት እኔው ነኝ። ብሩ ከአውሮፕላን ትኬት ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ልጄ በአየር ያልሄደው የትኬት ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ ቪዛ አጥቶ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ተቃቅፈን ከተላቀስን በኋላ፣ መኪና ውስጥ «ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» አለኝ። ነገርኩት። ዝም ብሎ ነዳ። ቆየት ብሎ «እኔን አራት ወር ከሰባት ቀን» አለ። ቀኑን ይቆጥር እንደነበር እስከዚያች ሰዓት አላወቅኩም።

ከተመለስኩ ወዲህ ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ስለ መንገዱ ይጠይቀኛል። የጎረቤቴ ልጅ ገና 11ኛ ክፍል ነው። «እትዬ፣ ሩቅ ነው እንዴ?» አለኝ በቀደም። ድሮ ቢሆን «እግዚአብሔር ካለ ይደረሳል» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን ሁለቱንም ነገርኩት፦ ቪዛ ላለው አምስት ሰዓት ተኩል፣ ለሌለው አራት ወር ከሰባት ቀን፤ እሱም በሕይወት ከደረሰ። እናቱም አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ብር ከመቁጠራችን በፊት ልጃችን በየት በኩል፣ በምን እንደሚሄድ እንጠይቅ። እኔ ያኔ ደላላውን የጠየቅኩት መቼ እንደሚደርስ ብቻ ነበር።