አባቴ የማያየው መብራት



የዚህ እትም አዘጋጆች «ከእረፍት ምን ይዘሽልን መጣሽ?» ሲሉኝ ስለ አንድ አሮጌ መኪና የፍሬን መብራት እጽፋለሁ አልኳቸው። ሳቁብኝ። እኔ ግን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። በታሪኩ ውስጥ እርግጠኛ ሳልሆን ለአባቴ የተናገርኩት አንድ ቃል አለና።

አባቴ ደሴ ውስጥ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው፤ ቤታችን ግን ኮምቦልቻ ነው። ፈጅር ሰግዶ ሐረጎን ይወጣል፣ ከዐስር በኋላ ይወርዳል። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው የምትወርዱት። ክረምት ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ከፊታችሁ ያለው መኪና አካሉ ይጠፋና ሁለት ቀይ ነጥብ ብቻ ይቀራል።

መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። በፈረንጆቹ 1986 የተመረተች፣ ከእኔ በብዙ ዓመት የምትበልጥ ታላቅ እህቴ ናት። አሜሪካ ከዚያው ከ1986 ሞዴል ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች በኋላ መስታወታቸው አካባቢ ሦስተኛ የፍሬን መብራት እንዲኖራቸው አስገድዳለች። የእኛዋ ግን ያላት ሁለቱ የግራና የቀኝ ብቻ ናቸው።

ያለፈው ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጎረቤታችን አባቴን «የቀኝ ፍሬን መብራትህ አይበራም» አለው። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ኢንጂነሯ እያለች ጋራዥ ምን አስኬደኝ?» አለ። የኤሌክትሪካል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቃሉ ደስ አሰኘኝ። ካቻቢቴ ይዤ ወጣሁ።

ሥራው ቀላል ነበር። የኋላ ዕቃ መጫኛውን ከፍቼ የአምፖሉን መያዣ አዙሬ አወጣሁት። የዚህ አምፖል ሆድ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ አንዱ 5 ዋት ነው፣ ሌሊት የሚበራው። ሌላው 21 ዋት ነው፣ ፍሬን ሲረገጥ የሚበራው። ሌሊት መብራቱ በደንብ እየሠራ ፍሬኑ ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሊበጠስ ይችላል። ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው ወፍራሙ ተበጥሷል፣ መስታወቱም ውስጡ ጠቁሯል። ታናሽ ወንድሜ ሮጦ አዲስ ገዝቶ መጣ። የአምፖሉ ሁለት ጥርሶች ከፍታቸው እኩል ስላልሆነ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ አስገባሁት።

ከዚያ አባቴን «እርገጠው» አልኩት። ረገጠ። የቀኙም የግራውም አልበራም። «ልቀቀውና ድገመው» አልኩት። ደገመው። ሁለቱም ቦግ አሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የግራው አምፖል ጤነኛ ነበር፣ ማንም አልነካውም። ግራና ቀኝ አብረው ጠፍተው አብረው ከበሩ ችግሩ ሁለቱ በጋራ የሚጠቀሙበት ዕቃ ላይ ነው፤ ፊውዝ፣ የፍሬን ስዊች ወይም ከስዊቹ ወደ ኋላ የሚሄደው ሽቦ። ይህን ለማወቅ አራት ዓመት መማር አያስፈልግም። እኔም በዚያች ቅጽበት አውቄዋለሁ። ነገር ግን ወደ ግቢ የምመለስበት አውቶቡስ ሊነሳ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር፣ ሻንጣዬም አልተዘጋም። «ሆነልሽ?» አለኝ አባቴ ከመሪው ላይ ሆኖ። «ሆኗል፣ ተሠርቷል» አልኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ታናሽ ወንድሜ ደወለ። አባቴ ሐረጎን ጨርሶ ወደ ከተማው ሲገባ ፍየሎች መንገድ ሲያቋርጡ ፍሬን ይዟል። ከኋላው ሲመጣ የነበረ ባጃጅ ገባበት። ባጃጁ ውስጥ እንቁላል ይዘው ወደ ገበያ የሚሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። የባጃጁ የፊት መስታወት ረገፈ፣ እንቁላሉ አለቀ፣ የሴትዮዋ ጉልበት አበጠ። ጤና ጣቢያ ተወስደው ስብራት እንደሌለው ሲታወቅ ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» አለ።

የትራፊክ ፖሊሱ ባጃጅ ነጂውን ርቀት ባለመጠበቁ ተቆጣው። ከኋላ የገጨ ጥፋተኛ ነው የሚለው ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ልጁ ግን እየተንቀጠቀጠ «ወላሂ ጋሼ፣ ሲይዙ መብራት አላየሁም» አለ። አባቴ ምንም ሳይመልስ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባና ፍሬኑን ረግጦ አንድ ሊስትሮ ልጅ «በርቷል?» ብሎ ጠየቀ። «አልበራም» አለው ልጁ። ሦስት ጊዜ ረገጠ። ሦስቱንም ጊዜ አልበራም። ከዚያ ወርዶ ለፖሊሱ «ጥፋቱ የእኔም ነው» አለው። የመስታወቱንም የእንቁላሉንም ከፈለ፣ ሴትዮዋንም ቤታቸው ድረስ አደረሳቸው።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ «አባዬ ስለ እኔ ምን አለ?» «ምንም። ልጄ ሠርታው ነበር፣ አዲሱ አምፖል ተበላሽቶ ይሆናል ነው ያለው።»

ከቁጣ የባሰው ይህ ነበር።

በመጀመሪያው ዓርብ ወደ ቤት ሄድኩ። መልቲሜትሬን ይዤ ነበር፣ በዚህ ጊዜ በሥርዓት ልፈልገው። ፊውዙን አወጣሁ፤ ደህና ነው። ሁለቱንም የፍሬን አምፖሎች አወጣሁና ወንድሜን ፍሬኑን አስረግጬ መያዣው ላይ ለካሁ፤ 12 ቮልት አለ። ግራውንዱን ለካሁ፤ ደህና ነው። እንግዲህ መብራት አለ፣ መመለሻ መንገድ አለ፣ አምፖሉም አዲስ ነው። አምፖሉን መልሼ ሳስገባ ግን አይበራም! ከዙህር እስከ ዐስር እዚያ ጓሮ ውስጥ ተንበርክኬ መጽሐፍ የማያውቀው ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ በሰፈራችን ወዳሉት የመኪና ኤሌክትሪሻን ሄድኩ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ትምህርታቸው ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ናቸው። የያዙት መሣሪያ አንድ የ21 ዋት አሮጌ አምፖል ብቻ ነበር፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበት። ከመሪው ሥር ተንጋለው ገቡ። የፍሬን ስዊቹ ከፔዳሉ በላይ ነው ያለው፤ ፔዳሉ ሲነሳ ጫፉን ገፍቶ ያጠፋዋል፣ ሲረገጥ ይለቀውና መብራቱ ይበራል። አንዱን ሽቦ ግራውንድ ላይ አሰሩና ሌላውን ስዊቹ ጋ በሚገባው ሽቦ ላይ አስነኩት። አምፖሉ በርትቶ በራ። «አሁን እርገጪው» አሉኝና ከስዊቹ በሚወጣው ሽቦ ላይ አስነኩት። አምፖሉ ሊሞት እንደደረሰ ፍም ቀላ፣ ወዲያው ጠፋ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ስለካው 12 ቮልት ነበር» አልኳቸው።

መልቲሜትሬን አየት አድርገው «ይሄ ውሸት አልነገረሽም፣ ልጄ። ግን ምንም አልተሸከመም። ገመድ ጠንካራ መሆኑ የሚታወቀው ሲጎተት ነው» አሉኝ።

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ይህን ሁለተኛ ዓመት ላይ በላብራቶሪ ሪፖርቴ ጽፌዋለሁ። የመልቲሜትር ውስጣዊ ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ 10 ሜጋ ኦም ገደማ ነው፤ ከ12 ቮልት የሚስበው ከአንድ ማይክሮ አምፔር እምብዛም የማይበልጥ ነው። ሁለቱ የፍሬን አምፖሎች ግን አንድ ላይ 42 ዋት ናቸው፤ 3.5 አምፔር ያህል ይፈልጋሉ። ያረጀ ስዊች ለመጀመሪያው የሚበቃ ቀጭን መንገድ አለው፣ ለሁለተኛው ግን የለውም። አምፖሎቹ ገብተው ሳለ ለክቼ ቢሆን ኖሮ ቮልቱ ሲወድቅ አየው ነበር። እኔ አምፖሎቹን አውጥቼ ነበር የለካሁት።

ስዊቹን ፈተው አሳዩኝ። ውስጡ ያሉት ሁለት የመዳብ ገጾች ከብዙ ዓመት ብልጭታ የተነሳ ጠቁረው፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆነዋል። አንዳንዴ ይገናኛሉ፣ አንዳንዴ አይገናኙም። «በብርጭቆ ወረቀት ብናጸዳውስ?» አልኳቸው። «ለዛሬ ይበራልሻል። አባትሽ ነገም ይነዳል» አሉና አዲስ አስገዙኝ። ሲያስሩትም ርቀቱን ደጋግመው አስተካከሉ፤ ስዊቹ ከፔዳሉ ከራቀ መብራቱ ሳይረገጥ ሁልጊዜ ይበራል፣ ባትሪም ይጨርሳል፣ ከኋላ ያለው ሹፌርም መቼ እንደምትቆሙ አያውቅም። በጣም ከቀረበ ደግሞ ፔዳሉ ብዙ እስኪወርድ ድረስ አይበራም። ከዚያ ሃያ ጊዜ አስረገጡኝ። ሃያውንም ጊዜ በራ።

በዚያ ሌሊት ከዒሻ በኋላ አባቴ ቡና ሲጠጣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ያን ቀን አምፖሉን ስቀይር መጀመሪያ ስትረግጥ አልበራም ነበር። ሁለተኛው ላይ ነው የበራው። የሆነ ነገር እንዳለ ገብቶኝ ነበር። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተሠርቷል አልኩህ።»

ስኒውን አስቀመጠ። ብዙ ዝም አለ። እናቴ ከጓዳ መውጣት ፈልጋ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ለባጃጁ ልጅ የከፈልኩት አይቆጨኝም» አለ በመጨረሻ። «የእኚያ እናት ጉልበት ነው የሚያስበኝ። ልጄ፣ ሌላ ጊዜ ካላወቅሽ አላውቅም በይኝ። እኔ ‹አላውቅም› ብትይኝ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ በመስኮት እጄን አወጣለሁ፣ ወይ መኪናዋን አሳድራታለሁ። ‹ተሠርቷል› ስትይኝ ግን አምኜሽ ነው የምወርደው።»

ከዚያ በላይ አልተናገረም። በማግስቱ ወደ እኚያ እናት ቤት አብረን ሄድን። እንቁላል ይዤ ሄድኩ፣ ምን እንደምል ግን አላወቅኩም ነበር። ጉልበታቸውን ዘይት እያሹ «አላህ ያቆየልን፣ አባትሽ ደግ ሰው ነው» አሉኝ። የእኔን ድርሻ ስነግራቸው በደንብ የገባቸው አልመሰለኝም። ግን ነገርኳቸው።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከመካከላችሁ የቤተሰብ መኪና የምትነዱ ወይም በእረፍት ስትመለሱ «ኢንጂነሩ፣ እስቲ ይህን እየው» የምትባሉ ብዙ ናችሁ። የተማርኩትን ባጭሩ ልተውላችሁ። መጀመሪያ የጠፋው አንድ በኩል ነው ወይስ ሁለቱም ብላችሁ ጠይቁ። አንድ በኩል ከሆነ አምፖሉን፣ መያዣውንና የዚያን በኩል ግራውንድ እዩ። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ወይም የሌሊቱ መብራት አብሮ ደብዘዝ ብሎ ከበራ ብዙውን ጊዜ ግራውንዱ ዝጓል ማለት ነው፤ መብራቱ መመለሻ አጥቶ በሌላው አምፖል በኩል መንገድ እየፈለገ ነው። ሁለቱም ከጠፉ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ስዊቹን እዩ። ስትለኩ አምፖሉ ገብቶ፣ ሸክሙ ላይ እያለ ለኩ። አንዴ በራ ብላችሁ አትነሱ።

ሐረጎን በመሰለ ቁልቁለት በማርሽ ይዛችሁ የምትወርዱ ደግሞ ይህን አስቡ፤ መኪናዋ በሞተር ኃይል ስትቀዘቅዝ የኋላ መብራት አይበራም። ከኋላችሁ ላለው ሰው ፔዳሉን አስቀድማችሁ ነካ ነካ አድርጉለት።

ሹፌር ፍሬቻው ቢጠፋ ከፊቱ ባለው ምልክት ይደርስበታል። የፍሬን መብራቱን ግን በእኛዋ ዓይነት መኪና ላይ ከመቀመጫው ሆኖ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ማታ መኪናዋን ከኋላ ወደ ግድግዳ አስጠጉና ስትረግጡ ቀዩን ብርሃን በመስታወት እዩ። ሰው ካለ ግን ሰው ይሻላል።

አሁን ቤታችን ውስጥ ሌላ ልማድ ገብቷል። አባቴ ከፈጅር ሲመለስ ታናሽ ወንድሜ ጋቢውን እንደተከናነበ ከመኪናዋ ኋላ ይቆማል። አባቴ «በርቷል?» ይላል። ወንድሜም ሦስት ጊዜ እስኪያይ ድረስ አይመልስም። ከዚያ «በርቷል!» ይላል። አንዳንድ ጠዋት አባቴ ስልኩን ከፍቶ ያሰማኛል። እኔም ዶርም ውስጥ ሆኜ ያን ድምፅ ሳልሰማ ወደ ክፍል አልሄድም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።