ጥርሱ አልነበረም

እናቴ ሁለት ጥርሶቿን ያጣችው በእኔ ምክር ነው።

አሜሪካ የመጣችው ልታርሰኝ ነበር። ገንፎውንና አጥሚቱን እየሠራች፣ ሕፃኑን እያጠበች ሦስት ወር ከቆየች በኋላ፣ አንድ ቀን ቁርስ ላይ ገና እንደጎረሰች ቀኝ ጉንጯን ይዛ ቀጥ አለች። «መብረቅ ነው የመታኝ!» አለች። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ምንም እንዳልነበረ ሆነ። ከዚያ ግን ተደጋገመ። ጥርሷን ስታጸዳ፣ ፊቷን ስትታጠብ፣ በር ተከፍቶ ነፋስ ሲነካት ሁሉ ይመታታል።

«ጥርስሽ ነው እማዬ» አልኳት። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ አንዱ ተነቀለ። ሕመሙ ግን አልተወም። ሁለተኛውም ይነቀል ብዬ የገፋፋሁት እኔ ነበርኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ልጄ እጁን ወደ ፊቷ ሲዘረጋ ፊቷን ማዞሯ ነው። ሊስማት የመጣውን የልጅ ልጇን ትሸሸው ጀመር።

በመጨረሻ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ጥያቄያቸውን ጨርሰው ወረቀት አወጡና ሣሉልን፤ እኔ አስተረጎምኩ። ሕመሙ ትራይጄሚናል ኒውራልጂያ ይባላል። ከአንጎል ግንድ የሚነሣው ይህ ነርቭ በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ግንባርና ዓይን፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭና የላይ ጥርሶች፣ ሦስተኛው ወደ ታችኛው መንጋጋ። ለዚህ ነው ጥርስ የሚመስለው። ችግሩ ያለው ግን ከሥሩ፣ ነርቩ ከአንጎል ግንድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

በዚያ ሥር አጠገብ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ያልፋሉ። በብዛት ችግር የሚፈጥረው ለትንሹ አንጎል የላይኛው ክፍል ደም የሚያደርሰው ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቧንቧው ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል፤ እጥፋቱም ነርቩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ልብ በመታ ቁጥር ይነካዋል። ከጊዜ በኋላ የነርቩ ሽፋን ይሳሳል፤ ልባሱ እንደተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ይሆናል። ያኔ ቀላል ንክኪ እንኳ እንደ ከባድ ሕመም ይሰማል። ቧንቧው ነርቩን እየነካ ምንም የማይሰማቸው ሰዎችም አሉ፤ ስለዚህ ሐኪም የሚፈርደው በምስሉ ብቻ ሳይሆን ታማሚው በሚናገረው ነው።

ይህን ንክኪ በ1930ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ያስተዋሉት በባልቲሞር የነበሩት ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ ናቸው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ፒተር ጃኔታ በማይክሮስኮፕ እየታገዙ ቧንቧውን ከነርቩ የመለየቱን ቀዶ ሕክምና አዳበሩት።

እናቴ ኤም አር አይ ተነሣች፤ እብጠት ወይም ሌላ የነርቭ በሽታ አለመኖሩ ታየ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ካርባማዜፒን በደም ምርመራ እየተከታተሉ ጀመሩላት፤ ተራ ማስታገሻ ያልነካውን ሕመም አበረደላት። ከዓመት በኋላ ግን መድኃኒቱ ያንገዳግዳት ጀመር። ሐኪሞቹ ከጆሮዋ ጀርባ ትንሽ ከፍተው፣ በቧንቧውና በነርቩ መካከል ቴፍሎን እንደሚያስገቡ ነገሩን። መስማትን ሊጎዳ እንደሚችል፣ ፊት ሊያደነዝዝ እንደሚችል፣ ሕመሙም ሊመለስ እንደሚችል አልደበቁንም። ሌሊቱን አልቅሼ አደርኩ። እሷ ግን «ቴፍሎን የመጥበሻው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት ሳቀች። «እንግዲህ እንዳይጣበቅብኝ ነዋ!»

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። አሁን ልጄ ጭኗ ላይ ወጥቶ ቀኝ ጉንጯን ይስማል፤ እሷም አትሸሽም። ስትስቅ ግን የሁለቱ ጥርሶች ባዶ ቦታ ይታየኛል። «ይቅር በይኝ እማዬ» ስላት «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ እኔም ጥርሴ መስሎኝ ነበር» ትለኛለች።

የወላጃችሁ ፊት ድንገት እየነዘረ፣ ወዲያው የሚተው ከሆነ፣ ጥርስ ከማስነቀላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ነርቭ ይሆን?» እኔ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።