ሽርጥና ሱሪ

ወንድ ሱሪ ይታጠቅ፣ ሴት ቀሚስ ትልበስ የሚለው ሥርዓት ከወዴት እንደ መነጨ የጠየቅኋቸው ሊቃውንት ሁሉ ወደ ኦሪት ይመሩኛል፤ በዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5 ሴት የወንድን፣ ወንድም የሴትን ልብስ እንዳይለብሱ ተደንግጓልና። ይሁን እንጂ ሙሴ የትኛው ልብስ የወንድ፣ የትኛው የሴት እንደ ሆነ ለይቶ አልጻፈም፤ ይህንኑ ቃል በዐውደ ምሕረት የሚተረጕሙልን ካህንም እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ቀሚስ ለብሰው ነው የሚያስተምሩን፤ አሮንም በልብሰ ተክህኖው ቀሚስ ነበረውና ማንም አይስቅባቸውም።

ይህን ትምህርቱን ተሸክሞ ከደጋ የወረደ ሰው በባቡር ሚኤሶ ሲደርስ፣ ኢቱው፣ ኢሳውና አፋሩ በሚገናኙበት በዚያ የቆላ ገበያ፣ ግመል የሚጐትተውና ጩቤ የታጠቀው ጐበዝ ከወገቡ በታች ሽርጥ አገልድሞ ያገኘዋል። እኔንም በሱሪዬ ውስጥ በላብ ስጠመቅ ያዩኝ ሽማግሌ፣ ያደርሁበት ቤት ባለቤት፣ አንድ ሽርጥ አውጥተው ሰጡኝ፤ ሁለቱ ጫፎቹ ተሰፍተው የተገጠሙ ነውና ሰው ገብቶበት ትርፉን ወደ አንድ ጐን ያጥፋል፣ ከዚያም የላይኛውን ጠርዝ ጠቅልሎ ሆዱ ላይ ያጠብቃል፤ ቀበቶ የለ፣ አዝራር የለ። «አባባ፣ በአገሬ እንዲህ ያለውን የሚለብሱት ሴቶች ናቸው» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ሱሪ የምትታጠቅ የሐረር ሴት ናት፤ ታዲያ አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ የሐረር ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር ጠባብ ሱሪ ማድረጋቸው የቈየ ልማድ ነውና። የደጋዎቹም ወይዛዝርት በበቅሎ ሲጓዙ እግሩ በጥልፍ ያጌጠ ሱሪ ይታጠቁ ነበር።

በልብስ ምክንያት መቀጣትም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲሻሩ ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ የእስላም ልብስ መልበሳቸው ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ያዘመቱት ጦርም የተመለሰው ከዚሁ ከሚኤሶ ነው። እንግዲህ ጥምጥም ያህል ነገር ሥልጣን ለማስጣል ምስክር ሆኖ ከቆመ፣ ቀሚስና ሱሪ ቢያከራክሩ ምን ይደንቃል?

በጨዋታ ሲሆን ግን ሕጉ ይላላል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቈጠር በነበረበት ዘመን፣ በአዲስ አበባ ትያትር የሴትን ገጸ ባሕርይ ለብሰው ከተጫወቱት አንዱ፣ በኋላ በቴሌቪዥን የልጆች ሁሉ አባት የሆኑት ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ፤ ሴቲቱ እንዳትነቀፍ ወንዱ ቀሚስ አጠለቀ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ዛሬ በጭሮ ጐዳና ጂንስ የለበሰች ኰረዳ ብታልፍ ዞሮ የሚያያት የለም፤ ቀሚስ የለበሰ ጐልማሳ ቢያልፍ ግን ገበያው ይፈታል። ሴት ሱሪ ስትታጠቅ ከፍ እንዳለች፣ ወንድ ቀሚስ ሲለብስ እንደ ተዋረደ እንቈጥራለንና፣ ሳቃችን የሚመነጨው ከጨርቁ ሳይሆን በልባችን ከሰቀልነው የማዕረግ ሚዛን ነው። እኔም ይህን ሁሉ ተፈላስፌ፣ በቤቴ ሽርጥ አገልድሜ እውላለሁ፤ በር ሲንኳኳ ግን ሱሪ ፍለጋ እሮጣለሁ፤ የምፈራው ኦሪትን አይደለም፣ ጐረቤትን ነው።